ሦስት መቶ ሰማንያ ስድስት እግሮች

«አለቀ?» አለች እናቷ ከመሥሪያው ክፍል። የመሞረጃ ማሽኑ እየጮኸ ስለነበር ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ነው የጠየቀችው።

«አለቀ» ብላ መለሰች ልጅቷ።

ይህን ስትል ዓይኗ አዲሱ ኮምፒውተር ላይ ነበር። ስክሪኑ ላይ አንዲት ትንሽ መስኮት ብቅ ብላ ጥያቄ ጠይቃታለች፦ ዲስኩን ለመጠቀም መጀመሪያ ፎርማት መደረግ አለበት፤ ፎርማት ይደረግ? አንዴ አነበበችው። ደግማ አነበበችው። ፎርማት ማድረግ ማለት ዲስኩ ላይ ያለውን ሁሉ ማጥፋት ነው።

«ምን ይላል?» አለች አጠገቧ የቆመችው ጓደኛዋ። ይህችን ጓደኛዋን ክፍል ውስጥ «ሲኒማ» ነው የሚሏት፤ ያላየችው ፊልም ስለሌለ። ፋይሎቹን ከአሮጌው ወደ አዲሱ ኮምፒውተር የሚያዛውሩበት ዲስክ የሲኒማ ታላቅ ወንድም ነው። ሳታስፈቅድ ነው ያመጣችው፤ እስከ አምስት ሰዓት ቦታው ካልመለሰችው ደግሞ ጉዷ ነው።

«ዲስኩን አላነብም እያለ ነው።»

«አላነብም ማለት? የወንድሜ ፊልሞችስ?»

ልጅቷ ወንበሯን ወደ አሮጌው ኮምፒውተር አዙራ የእናቷን ፎልደር ከፈተች። ባዶ ነበር። ነጭ፣ ጭልጥ ያለ ባዶ። ቆሻሻ መጣያዋንም ከፍታ አየች። እዚያም ምንም የለም።

ነገሩ የገባት ያኔ ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ፋይሎቹን ወደ ዲስኩ ስትልክ ኮፒ በማድረግ ፋንታ ከት አድርጋቸው ነበር፤ ከት የተደረገ ፋይል ደግሞ ከነበረበት ይጠፋል። እናቷ «አሮጌው ላይ ምንም እንዳይቀር» ብላታለች፤ እሷም አንድ ሥራ የቀነሰች መስሏት ነበር። ከዚያ አረንጓዴው መስመር ሞልቶ ሲያልቅ፣ የዲስኩ መብራት ገና ብልጭ ድርግም እያለ፣ ሲኒማ ጆሮዋ ሥር «ወንድሜ፣ ወንድሜ» እያለች ስትነተርካት ገመዱን ነቀለችው። መብራቱን አይታዋለች። አይታው ነው የነቀለችው።

ሲኒማ ዲስኩን ነጥቃ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። «እኔ ሄድኩ። ቤት ሄጄ እሞክረዋለሁ» ብላ ወጣች። በሩ ሲዘጋ ክፍሉ ውስጥ ሁለት ኮምፒውተሮችና አንዲት ልጅ ቀሩ።

ልጅቷን መሥሪያው ውስጥ ሁሉም «ኢንጂነሯ» ይላታል። ስድስተኛ ክፍል እያለች ሦስት አዋቂ ያቃተውን ፕሪንተር በቅንድብ መንቀያ አስተካክላ ነው ስሙን ያገኘችው። አሁን ስምንተኛ ክፍል ናት፤ ስሙ አብሯት አድጓል። ባለፈው ሳምንት የኮምፒውተር ጠጋኙ ጋሽ ኬብል «ፋይሎቹን እኔ ላዛውራቸው?» ሲሉ፣ «ይሄ ደግሞ ምን ሥራ አለው?» ብላ የመለሰችው እሷው ናት። እናቷ ያኔ እየሳቀች ትከሻዋን መታ አድርጋት ነበር።

እናቷ ሰው ሠራሽ እግር ትሠራለች። አንድ ሰው ሲመጣ የቀረውን እግሩን በጀሶ ጠቅልላ ቅርጹን ታወጣለች፣ ትለካለች፣ ፎቶ ታነሳለች። እግሩ ተሠርቶ ሲያልቅ የጀሶው ቅርጽ ተሰባብሮ ይጣላል፤ ቤቱ ጠባብ ነው፣ ሁሉን ማስቀመጥ አይቻልም። ድሮ ልኬቱን የምትጽፈው ደብተር ላይ ነበር። ከአራት ዓመት በፊት ጣሪያው አፍስሶ ደብተሮቹ ሲበሰብሱ፣ የተረፈውን ሁሉ ኮምፒውተር ውስጥ አስገባች። በሁለት ጣት ነው የጻፈችው፣ ፊደሎቹን አንድ በአንድ እየፈለገች፣ ክረምቱን ሙሉ። ሦስት መቶ ሰማንያ ስድስት ሰው። ለእያንዳንዱ አንድ ፎልደር። ቁጥር ብቻ አይደለም ያለበት፤ የት ሲነካ እንደሚያመው፣ የት ላይ ቆዳው እንደሚላጥ፣ ስንት ጊዜ ተሞክሮ እንደተሳካ፣ ሁሉም አለ።

ነበረ።

ኢንጂነሯ ወንበሯን ጠጋ አደረገች።  «ይመለሳል» አለች ለራሷ በሹክሹክታ። «የጠፋ ፋይል ይመለሳል፤ ፕሮግራም አለው።» ኢንተርኔት ላይ ፈልጋ አንዱን አገኘችና እዚያው አሮጌው ኮምፒውተር ላይ ጫነችው። ከባድ ፕሮግራም ነበር፤ እስኪጫን ድረስ ጥፍሯን በላችው። ሥራ ሲጀምር ስክሪኑ ላይ ስም የሌላቸው፣ ቁጥር ብቻ የሆኑ ፋይሎች ይወርዱ ጀመር። መቶ። ሁለት መቶ። አንዱን ልትከፍት ሞከረች፤ እምቢ አለ። ሌላውን ሞከረች፤ ግማሽ ፎቶ ታየ፣ የሰው ጉልበት፣ ከዚያ በታች ግራጫ። ከዚያ ማውዙ ቀጥ አለ። ሁሉም ነገር ቀጥ አለ። አሮጌው ሳጥን እንደ ልማዱ አጓርቶ በራሱ ጊዜ ጠፋ።

ልክ ያኔ ደጁ ላይ የጋሽ ኬብል ሳል ተሰማ።

ጋሽ ኬብል ረጅምና ቀጭን ሰው ናቸው። አንገታቸው ላይ ሁልጊዜ የተጠቀለለ ገመድ አይጠፋም፤ ስማቸውም የመጣው ከዚያ ነው። አሮጌው ኮምፒውተር ለሠፈሩ ቤተ መጻሕፍት ተሰጥቷል፤ እሳቸው አጽድተው፣ አዲስ ሲስተም ጭነው ሊያስረክቡ ነው።

«ኢንጂነሯ፣ ጨረስሽ?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

እናቷ እጇን በሽርጧ እየጠረገች መጣች። ፀጉሯና ቅንድቧ ላይ የጀሶ ብናኝ ነበር። «ጥርግ አድርገው ያጽዱልኝ» አለቻቸው። «የሰው ገመና ነው። ማንም ከፍቶ የማንንም እግር እንዳያይ።»

«ምን በወጣኝ! ነካክቼ አልተወውም። ስምንት ሰዓት ላይ ቁጭ ብዬ ከሥሩ እነቅለዋለሁ።» ሳጥኑን ብብታቸው ሥር አስገቡና ወደ ልጅቷ ዞሩ። «ምንም አልቀረበትም አይደል?»

መናገር የነበረባት ያኔ ነው። አፏንም ከፍታ ነበር። ግን እናቷ እያየቻት ነበር፤ ያ ጀሶ የነካው ፊት፣ ሙሉ በሙሉ የሚያምናት ፊት።  ራሷን ነቀነቀች። አዎ ይሁን አይደለም ራሷም አላወቀችውም፤ ጋሽ ኬብል ግን አዎ ብለው ተረዱትና ወጡ።

ምሳ ቀረበ። እናቷ ስትበላ ታንጎራጉር ነበር፤ አዲሱ ኮምፒውተር እንደ ማሽን ቤት እንደማይጮህ፣ በመሐል እየጠፋ እንደማያበሳጫት እያወራች። ልጅቷ እየቆረሰች ታስቀምጣለች።

«ምነው? አመመሽ እንዴ?»

«አልራበኝም።»

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ የስፖርት አስተማሪያችሁ ይመጣል። እግሩ ሐሙስ ዕለት ተሰነጠቀበት እኮ፣ አልነገርኩሽም? ፎልደሩን ከፍተሽ ጠብቂኝ፤ የድሮውን ልኬት አይቼ ዛሬውኑ ጀሶውን አፈስሳለሁ።»

የስፖርት አስተማሪው። እሱ በሌለበት ተማሪው ሁሉ «ፊሽካ» የሚለው መምህር። ግማሹ ተማሪ አንድ እግሩ ሰው ሠራሽ መሆኑን አያውቅም፤ አብሯቸው ነው የሚሮጠው። ዓርብ ዕለት በክራንች መጥቶ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብሎ ስለ ጨዋታ ሕግ ሲያስተምራቸው፣ ልጆቹ ወለም ብሎት ነው ብለው ነበር። ኢንጂነሯ ሳህኗን አንስታ ወጣች። ማጠቢያው ጋ ሆና ስልክ ደወለች።

«ወንድሜ ፎርማት አደረገው» አለች ሲኒማ ገና ሃሎ ሳትባል። «ፊልሙ ሁሉ ሄደ። ምን እንዳልኩት ታውቂያለሽ? ቫይረስ ነው አልኩት። ምንም አላለም እኮ። ቫይረስን ማን ይከሳል?»

«የእኔ ግን...»

«የአንቺም ያው ነው። አሮጌው ኮምፒውተር ቫይረስ ነበረበት፣ ፋይሎቹን በላቸው፣ በቃ። እናትሽ ስለ ኮምፒውተር ምን ታውቃለች? አንቺ ያልሻትን ነው የምታምነው። አታካብጂ፣ ፍሬንድ። ሰኞ ስትመጪ ትረሺዋለሽ።»

ስልኩን ዘጋች። ቫይረስ። ቀላል ነበር። ቃሉን አፏ ውስጥ አድርጋ ሞከረችው፦ እማዬ፣ ቫይረስ ነበረበት። ያምራል። እናቷ ታዝናለች፣ ግን ማንንም አትቆጣም። «ደግነቱ አንቺ አለሽልኝ» ልትላት ሁሉ ትችላለች። ልጅቷን ከምንም በላይ ያስፈራት ይሄ ነበር። ታምናታለች። ስለ ኮምፒውተር የሚነገራትን ሁሉ የምትሰማው ከእሷው አፍ ነው።

ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ለስምንት ሩብ ጉዳይ ይላል። ከሰዓቱ ሥር ባለው መደርደሪያ ላይ የመምህሩ እግር ተጋድሟል፤ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቆ በሰፊ ፕላስተር የተጠቀለለ፣ የስፖርት ጫማው ገና አልወለቀም። የጫማው ማሰሪያ በደንብ ታስሯል። ማሰሪያው ላይ ዓይኗ ለምን እንደቀረ አታውቅም። ሰውየው ያን ዕለት ጠዋት ጎንበስ ብሎ እንደ ማንኛውም ሰው ጫማውን አስሮ ነው ከቤቱ የወጣው።

«ሱቅ ደርሼ ልምጣ» ብላ ተጣርታ መልስ ሳትጠብቅ ወጣች።

እስከ መንገዱ መታጠፊያ በእርምጃ ሄደች። ከዚያ ሮጠች። የጋሽ ኬብል ሱቅ ከገበያው ጀርባ ነው፤ ደህና ቀን ከሆነ አሥራ አምስት ደቂቃ ያስኬዳል። ቅዳሜ ነውና መንገዱ በሰው ተጨናንቋል። ጋሪ ገጨች፣ አንዲት ሴትዮ «ዓይንሽን ምን ጋረደው?» አለቻት፣ አንዱ ሾፌር ክላክስ አደረገባት። ጎኗን ይወጋት ጀመር። እየሮጠች አንድ ነገር ብቻ ነበር የምታስበው፦ ከሥሩ እነቅለዋለሁ ብለዋል። ከሥሩ።

ስትደርስ የሳጥኑ ክዳን ተከፍቷል፤ ጋሽ ኬብል መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው በብሩሽ አቧራውን እያራገፉ ነበር። ስክሪኑ በርቷል። መሐሉ ላይ አንድ ጥያቄ አለ፣ ከሥሩ ሁለት ቁልፎች።

«ጋሼ... አይጫኑት።»

ዞር ብለው አዩዋት። ላቧ አገጯ ላይ ይንጠባጠባል።

«ምን ሆነሽ ነው፣ ልጄ? ተቀመጪ።»

«ፋይሎቹ እዚያው ናቸው። ማለቴ ጠፍተዋል፤ ግን እዚያው ናቸው። ከት አድርጌያቸው ዲስኩ ተበላሸ። አዲሱ ላይ ምንም የለም። አንድም የለም።»

ብሩሹን አስቀመጡ። ቀስ ብለው እጃቸውን ዘርግተው የሳጥኑን ገመድ ከግድግዳው ነቀሉት። ስክሪኑ ጠቆረ። 

«ሌላ የነካሽው ነገር አለ?»

«ፋይል የሚመልስ ፕሮግራም ጭኜበት ነበር።»

«የት? እዚሁ ላይ?»

«እዚሁ ላይ።»

ጋሽ ኬብል በረጅሙ ተነፈሱ። «ስሚኝ። ፋይል ሲጠፋ ወዲያው አይሞትም። ቤቱ ውስጥ እንዳለ ነው፤ በሩ ላይ የነበረው ስሙ ብቻ ነው የተነሳው። አዲስ ነገር ስትጭኚ ግን ቤቱ ባዶ መስሎት ይገባበታል። ያንቺ ፕሮግራም የስንቱ ቤት ውስጥ እንደገባ እንጃ።» መነጽራቸውን አወለቁ። «ይወጣል። ሁሉም ግን አይወጣም።»

«አሁን ይጀምሩልኝ፣ ጋሼ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሰው ይመጣል።»

«በአንድ ሰዓት የሚያልቅ ነገር አይደለም፤ ሁለት ቀን ይፈልጋል። ደግሞም እናትሽ አጥፋው ብላኛለች። የሰው ገመና ነው ብላ አደራ ያለችኝ እሷ ናት። እሷ ሳትፈቅድ ከፍቼ አንድም ነገር አላይም።» ስልካቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ወደ እሷ ገፋ አደረጉት። «ደውዪላት።»

ልጅቷ ስልኩን አየችው። እጇን አላነሳችም።

«ትቆጣኛለች።»

«ትቆጣለች እንጂ! ምን ታድርግ ታዲያ?» አሉ ጋሽ ኬብል፤ ድምፃቸው ግን ለስላሳ ነበር። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። እኔ ሳጥኑን አልነካውም፤ እዚህ ይቀመጣል። እናትሽ ከጠየቀችኝ ግን አልዋሽላትም።»

«በስልክ አልችልም። ሄጄ እነግራታለሁ።»

መመለሻው ከመሄጃው ረዘመባት።  መንገድ ላይ ዓረፍተ ነገሩን አሥር ጊዜ አቀናጀችው፣ አሥር ጊዜ ፈረሰ። መሥሪያው በር ላይ ስትደርስ ከውስጥ የወንድ ሳቅ ሰማች። መምህሩ ቀድሞ ደርሷል። ክራንቹን ግድግዳው ላይ አስደግፎ አግዳሚው ላይ ተቀምጧል፤ እናቷ ጀሶ ልታቦካ ጓንት አጥልቃለች።

«መጣሽ? ፎልደሩን ክፈቺልኝ እስቲ» አለች እናቷ።

«እማዬ፣ አንዴ ጓሮ ነይ።»

«እጄ ተይዟል እኮ።»

«ነይ፣ እማዬ።»

እናቷ ፊቷን አየችና ምንም ሳትል ተከተለቻት። ጓሮው ውስጥ የጀሶ ከረጢቶች ተደርድረዋል። ልጅቷ ከረጢቶቹን እያየች ነገረቻት። ካዘጋጀቻቸው ዓረፍተ ነገሮች አንዱም አልመጣላትም፤ ዝም ብሎ እንደ መጣ ነው የወጣው፣ ከኋላ ወደ ፊት፣ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀምሮ እስከ መብራቱ ድረስ። መብራቱ ብልጭ ድርግም ሲል አይታ መንቀሏንም ተናገረች። ያንን ባትናገር ማንም አያውቅባትም ነበር።

እናቷ ጓንቷን አወለቀች። በአንድ ጊዜ አይደለም፤ ጣት በጣት ነው ያወለቀችው። ከዚያ ከረጢቱ ላይ ተቀመጠች።

«ስንቱ?»

«ሁሉም።»

«አለቀ ስትይኝ...»

«አላየሁም ነበር። ከዚያ ግን አየሁ፤ ዝም አልኩ።»

ልጅቷ ጩኸት ጠበቀች። ጥፊም ቢሆን ጠበቀች፤ እናቷ መትታት ባታውቅም።  እናቷ ግን እጆቿን ገልብጣ መዳፎቿን ታያለች፣ እነዚያን በጀሶ የተሰነጣጠቁ መዳፎች። እነዚያ ሁለት ጣቶች ክረምቱን ሙሉ ፊደል ሲፈልጉ ልጅቷ ታስታውሳለች።

«ጋሽ ኬብል ምን አሉ?»

«አንቺ ካልፈቀድሽ አልነካም አሉ። የተወሰነው ይወጣል ብለዋል።»

እናቷ ተነሳች። ስልኳን አውጥታ ደወለች፤ «ይሞክሩልኝ። አዎ፣ ይክፈቱት። እርስዎ ብቻ ይዩት» ብላ ዘጋች። ከዚያ ልጅቷን አልፋ ገባች። በመስኮቱ ድምፅዋ ተሰማ፦ «ዛሬ አይሆንልኝም፣ ወንድሜ። ማክሰኞ ተመለስ። አዎ፣ አውቃለሁ። ይቅርታ አድርግልኝ።» መምህሩ አንድ ነገር አለ። ከዚያ የክራንቹ ድምፅ ደጁን አልፎ በመንገዱ ላይ ሄደ፤ ቷ፣ ቷ፣ ቷ። እስኪጠፋ ድረስ ልጅቷ ጓሮ ውስጥ ቆማ ሰማችው።

ያን ቀንም፣ በማግስቱም እናቷ ከሚያስፈልገው በላይ አላናገረቻትም። ብዪ። ተነሺ። በሩን ዝጊ። ቁጣ ቢሆን ይሻል ነበር። እሑድ ልጅቷ መሥሪያውን ጠረገች፣ መደርደሪያውን ወለወለች፣ ያላዘዟትን ሁሉ ሠራች። አዲሱ ኮምፒውተር ጨርቅ ለብሶ ተቀምጧል። ማንም አልነካውም።

ሰኞ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጋሽ ኬብል ጠረጴዛው ጋ ተቀምጠው አገኘቻቸው። እናቷ ከኋላቸው ቆማለች። ልጅቷ በሩ ላይ ቀረች።

«ግቢ» አሉ ጋሽ ኬብል። «ሦስት መቶ አርባ አምስቱ ወጥተዋል። አዲሱ ላይ አስገብቻለሁ፤ ሌላ ዲስክ ላይም ገልብጬ ለእናትሽ ሰጥቻለሁ። ከእንግዲህ ሁለት ቦታ ይቀመጣል።»

ሦስት መቶ አርባ አምስት። ወደ ጠረጴዛው ተራመደች። ከዚያ መቀነሱን ሠራችው። «አርባ አንዱስ?»

«አርባ አንዱ ላይ ሌላ ነገር ተጽፎበታል።» የምን ነገር እንደሆነ አልተናገሩም። መናገር አላስፈለጋቸውም።

እናቷ ከወጡት ፎልደሮች መሐል የሌሉትን፣ የደንበኞቿን ስልክ ከምትይዝበት ደብተር ጋር እያመሳከረች በእርሳስ ጻፈቻቸው። ልጅቷ ከትከሻዋ በላይ ታነባለች። አራተኛው ስም የስፖርት አስተማሪዋ ነበር።

ማክሰኞ ከሰዓት መምህሩ መጣ። አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቀለለ። ኢንጂነሯ እርሳስና ወረቀት ይዛ ጥግ ላይ ቆመች። እንድትገባ ያዘዛት የለም፤ ውጪም ያላት የለም።

«እንግዲህ ቶሎ በይኝ» አለ መምህሩ ለእናቷ። «ልኬቱ እንደሆነ አለሽ።»

እናቷ ሜትሩን ከአንገቷ አወረደች። ልጇን አላየቻትም። «ልኬቱ እንኳን... ኮምፒውተር ስንቀይር አንዳንድ ነገር አምልጦናል። አሮጌ ዕቃ ታውቀዋለህ፣ አንዳንዴ...»

ልጅቷ ሰማቻት። እናቷ ማምለጫ በር ከፍታላታለች፤ ዝም ብሎ ማለፍ ብቻ ነው የሚቀረው። ቅዳሜ ያስጨነቃት ያ ሁሉ ነገር በእናቷ አፍ «አሮጌ ዕቃ» ተብሎ ሊያልቅ ነው። 

«አሮጌው ዕቃ አይደለም፣ ቲቸር» አለች። «እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ፋይል ሳዛውር ዲስኩን ሳይጨርስ ነቀልኩት። የእርስዎም አብሮ ጠፋ።»

መምህሩ ወደ እሷ ዞረ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይቀላት ነበር። ዓይኑ ላይ የታየው ድካም ነው፤ ገና ሳይጀመር የደከመ ሰው ፊት።

«ሰባት ጊዜ ነው የተሞከረው» አለ በዝግታ። «ያቺን የምታመኝን ቦታ እስክናገኛት እናትሽ ሰባት ጊዜ ሠርታ ሰባት ጊዜ አፍርሳለች። አውቀሻል?»

«አላወቅሁም።»

«አዎ። ከየት ታውቂያለሽ?» ፊቱን በመዳፉ ጠረገ። ከቆይታ በኋላ እግሩን አግዳሚው ላይ አስተካክሎ ዘረጋ። «በይ ቅረቢ። ከዚያ ጥግ ሆነሽ ምን ይታይሻል?»

ቀረበች። እናቷ በአውራ ጣቷ ከጉልበቱ በታች ቀስ እያለች መጫን ጀመረች። «እዚህ?» «አይ።» «እዚህስ?» «ምንም አይልም።» ጣቷ ጥቂት ወረደ፣ ወደ ውጭ ታጠፈ። መምህሩ ድንገት ሳቀ። የሚያስቅ ነገር አልነበረም፤ ልጅቷ ግራ ተጋብታ አየችው። እናቷ ግን ወዲያው እጇን አነሳች።

«ሲያመው ነው የሚስቀው» አለች፣ አሁንም ሳታያት። «እሱንም ጻፊው።»

ከቅዳሜ ወዲህ የተናገረቻት ረጅሙ ንግግር ይሄ ነበር። ልጅቷ ጻፈችው። ቦታውን ሳለች፣ ከጉልበቱ ያለውን ርቀት እናቷ ስትነግራት አሰፈረች፣ ትክክል መሆኑን ደግማ ጠየቀች። መምህሩ አምስት ጊዜ ሳቀ። አምስቱንም ቆጠረቻቸው። በስድስተኛው ግንባሩ ላይ ላብ ወጣ፤ እሷ ጎንበስ ብላ መጻፏን ቀጠለች፣ ፊቷን እንዳያይባት።

መምህሩ ከሄደ በኋላ እናቷ ስሞቹ የተጻፉበትን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። ተጠርቶ እንደገና የሚለካ አርባ ሰው ይቀራል። አንዳንዱ ሩቅ ነው ያለው። አንዳንዷ ገና ልጅ ናት፣ በየዓመቱ እግር የምትቀይር። እናቷ ስልኳን አነሳችና ለአፍታ እጇ ላይ ይዛው ቆየች፤ ምን ብላ እንደምትጀምር የምታስብ ይመስላል።

«እኔ ልደውል» አለች ልጅቷ።

እናቷ ቀና ብላ አየቻት። ከቅዳሜ ወዲህ እንዲህ አይታት አታውቅም፤ ረጅም፣ መርማሪ አስተያየት ነበር፣ የአንድን ሰው አረማመድ የምታይበት ዓይነት። ስልኩን ሰጠቻት። ከዚያ ጓንቷን አጥልቃ ወደ ጀሶው ሄደች፤ በሩን ግን አልዘጋችውም።

የመጀመሪያው ስልክ ሦስት ጊዜ ጠራ። ልጅቷ አያነሱም ይሆናል ብላ ስታስብ የአሮጊት ድምፅ መጣ፤ «ሃሎ? ማነው?»

«ጤና ይስጥልኝ፣ እማማ። ከእግር መሥሪያው ነው» አለች፤ ወንበሩንም ስባ ተቀመጠች።